የፊልሙ ንግግር ሲያንስ፣ ፍንዳታው ሲበዛ፦ የቤት ውስጥ ድምፅን የማመጣጠን መመሪያ

ማታ ፊልም በሚታይባቸው ብዙ ቤቶች ሪሞት ከእጅ አይወርድም። ሁለት ተዋንያን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ምን እንዳሉ ስለማይሰማ ድምፁ ይጨመራል፤ ትዕይንቱ ተቀይሮ ተኩስ ሲከፈት ወይም መኪና ሲጋጭ ደግሞ የተኛ ሕፃን ይባንናል፣ እናት «ኧረ ቀንሱት!» ትላለች፣ ሪሞቱም በጥድፊያ ወደ ታች ይጫናል። የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ሹክሹክታውንም ፍንዳታውንም በእኩል መጠን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ሊያጠብ አይችልም። ርቀቱ የሚጠበው በአንድ በኩል ንግግሩ ከስፒከር ወጥቶ ጆሮ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ በማጽዳት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከልክ ያለፉትን ድምፆች በመግታት ነው። ከሁለቱ የመጀመሪያው መቅደም ይኖርበታል። ብዙ ሰው ግን ከመጨረሻው ይጀምራል፤ መሣሪያው ላይ ያለውን «ናይት ሞድ» (የጎሉ ድምፆችን የሚገታውን አማራጭ) ይከፍትና ነገሩ አልስተካከል ሲለው አዲስ ስፒከር ለመግዛት ይነሣል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ገመዱ፣ ቡፌው ወይም ባዶው ግድግዳ ላይ ነው።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

የፊልም ድምፅ በቅድሚያ የሚቀናበረው ለሲኒማ አዳራሽ ነው። በሲኒማው ሥርዓት እያንዳንዱ ዋና ቻናል (ለየስፒከሩ የተለየ የድምፅ መስመር) በመለኪያ ድምፅ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ላይ የሚስተካከል ሲሆን፣ ከአንዱ ቻናል የሚወጣው ከፍተኛ ድምፅ 105 ዴሲቤል፣ ለባስ ብቻ ከተመደበው ቻናል የሚወጣው ደግሞ 115 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ አራት በአምስት በሆነ ሳሎን ውስጥ እንዲህ ባለ ኃይል ፊልም የሚያይ ሰው የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ስለዚህ ባለቤቱ ድምፁን ሃያና ከዚያ በላይ ዴሲቤል ዝቅ ያደርገዋል። ፍንዳታው በዚህ ጊዜ ጆሮ ወደሚችለው መጠን ሲወርድ፣ አዳራሹ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረው ሹክሹክታ አብሮት ወርዶ ከፍሪጁ፣ ከቬንትሌተሩና ከደጅ ከሚመጣው ድምፅ ጋር ይቀላቀላል። ጸጥ ያለ የሚባል ቤት እንኳ ከ30 እስከ 40 ዴሲቤል የሚደርስ የራሱ ድምፅ እንዳለው ማስታወስ ይገባል።

በኢንተርኔት የሚሰራጩ ፊልሞችም ቢሆኑ ከዚህ ብዙም አይርቁም። ለምሳሌ ኔትፍሊክስ የሚቀበላቸው ሥራዎች የንግግራቸው አማካይ ጉልበት ከዲጂታሉ ጣሪያ፣ ማለትም ቅጂው ሊይዝ ከሚችለው ከፍተኛ መጠን፣ 27 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ይፈልጋል፤ የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ ግን ከዚያው ጣሪያ በ2 ዴሲቤል ብቻ ዝቅ ብሎ እንዲቆም ይፈቀድለታል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ሰፊ ሜዳ የተኩሱና የነጎድጓዱ ነው። በአንጻሩ የአውሮፓ የቴሌቪዥን ማሰራጫዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ የሚመሩበት መስፈርት የመላውን ፕሮግራም አማካይ ከጣሪያው 23 ዴሲቤል ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከዜና ወይም ከስፖርት ጣቢያ ወደ ፊልም ሲዛወሩ ንግግሩ በድንገት ያነሰ የሚመስልበት አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለው የመስፈርት ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቻናሎች አደረጃጀት ነው። «5.1» ተብሎ በሚጠራው ቅንብር የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የመሀል፣ ሁለት የጎን ወይም የኋላ ቻናሎችና አንድ የባስ ቻናል አሉ፤ ንግግሩ ከሞላ ጎደል በሙሉ የተቀመጠው የመሀሉ ቻናል ላይ ነው። ቤት ውስጥ የመሀል ስፒከር ከሌለ ይህ ቻናል ብዙውን ጊዜ በ3 ዴሲቤል ተቀንሶ ለግራና ለቀኝ ይታደልና ከሙዚቃውና ከግርግሩ ጋር በአንድ አፍ ይወጣል። ለብቻው ሆኖ ይሰማ የነበረ ሰው በገበያ መሀል እንዲናገር ተደረገ ማለት ነው። ሦስተኛው ምክንያት የጆሮ ጠባይ ሲሆን፣ የጎላ ባስ ከእሱ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ይሸፍናል። ፊልሙ «እንዲሞቅ» ብሎ ባሱን እስከ ጥግ የከፈተ ሰው ንግግሩን በገዛ እጁ ጋርዶታል።

ከሁሉ በፊት ገመዱን ማጣራት

ሙዚቃውና ፍንዳታው በደንብ እየተሰማ ንግግሩ ጭራሽ የጠፋ ወይም ከጉድጓድ የሚመጣ የሚመስል ከሆነ፣ ነገሩ የማመጣጠን ጉዳይ ሳይሆን የብልሽት ምልክት ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ዘመድ ቤት የገጠመኝ ይህ ነበር። የቤቱ ልጅ «ጋሼ፣ ዘፈኑ ይሰማል፣ ሰዎቹ ግን ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው» አለኝ። በስፒከሩ ሳጥን ላይ የተደረበውን ዳንቴል ገልጠን ከኋላ ስናይ ከቴሌቪዥኑ የመጣው የጆሮ ማዳመጫ ዓይነት ጃክ ወደ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ አልገባም፤ የብረቱ አንገት በጥፍር ስፋት ያህል ወደ ውጭ ቀርቷል። በአውራ ጣት ገፋ ሲደረግ «ቀጭ» ብሎ ገባ፤ ንግግሩም ወዲያው መጣ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚህ ጃክ ላይ ጫፉ የግራውን፣ መካከለኛው ቀለበት የቀኙን ድምፅ ይሸከማሉ፤ ከታች ያለው ክፍል ደግሞ ለሁለቱም የጋራ መመለሻ ነው። የጋራው ክፍል ሳይነካ ሲቀር ግራና ቀኙ እርስ በርስ ይቀናነሳሉ፤ በሁለቱም ውስጥ እኩል ያለው ይጠፋና የሚለያዩበት ብቻ ይቀራል። ንግግር ደግሞ በግራም በቀኝም እኩል ስለሚቀመጥ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። የተላላጠ ወይም ሶኬቱ ሥር የተጣመመ ገመድም ይህንኑ ያመጣል፤ ስለዚህ ገመዱን ያወዛውዙ፣ ንግግሩ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ አዲስ ይግዙ።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው ሌላ ጥፋት የቀይና የጥቁር ሽቦ መገለባበጥ ነው። በአንዱ ስፒከር ቀዩ ከቀይ፣ በሌላው ደግሞ ቀዩ ከጥቁር ጋር ከታሰረ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል። በዚህ ጊዜ ባሱ ይሳሳል፤ ንግግሩም ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ የተበታተነ ይሆናል። ለማረጋገጥ ሁለቱን ስፒከሮች ፊት ለፊት አቀራርበው አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበትን ዜና ያሰሙ፤ ከዚያ የአንዱን ሽቦ ገልብጠው እንደገና ያዳምጡ። ድምፁ ሞላ ብሎ ከመሀል የሚመጣበት አሠራር ትክክለኛው ነው።

የማይክ መሰኪያ ያላቸው ሳጥኖች ላይ ደግሞ ለካራኦኬ ተብሎ የዘፋኙን ድምፅ የሚያጠፋ ቁልፍ ሊኖር ይችላል፤ ልጆች ሲነካኩ ከፍተውት ከሆነ የፊልሙን ንግግርም ይዞት ይሄዳል። «ኢኮ» እና «ሰራውንድ» ወይም «3ዲ» የሚሉ ቁልፎችንም በዚሁ አጋጣሚ ያጥፉ። ድምፁን ሰፊ የሚያስመስሉት ግራና ቀኙን በማራራቅ ስለሆነ የመሀሉን ያሳሱታል፤ ለእግር ኳስ ጩኸት ካልሆነ በቀር ለፊልም ሲጠቅሙ አላየሁም።

ድምፁ ከምንጩ እንዴት ይወጣል?

በአካባቢያችን ፊልም በብዛት የሚታየው ከፍላሽ፣ ከላፕቶፕ ወይም ከዲቪዲ ማጫወቻ ነው። አንዱ የቪዲዮ ፋይል ሁለት ወይም ሦስት የድምፅ ትራክ ሊይዝ ይችላል፤ አንዱ 5.1፣ ሌላው ስቴሪዮ (የግራና የቀኝ ቻናል ብቻ) ሊሆን ይችላል። ሁለት ስፒከር ብቻ ያለው ሰው በማጫወቻው የኦዲዮ ትራክ ዝርዝር ውስጥ ስቴሪዮ የሚል ካለ እሱን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ለሁለት ስፒከር ታስቦ በባለሙያ የተቀናበረው፣ መሣሪያው በራሱ ከሚያጣጥፈው አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ነው።

ስድስት ስፒከር ያለው ስብስብ የገዛ ሰው ሁሉ 5.1 እየሰማ ነው ማለት አይደለም። ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ የሚያስተላልፈው ሁለት ቻናል ብቻ ነው። በዚያ ገመድ የተገናኘ ስብስብ «ሴንተር» የሚለው ስፒከር የሚያሰማው የግራና የቀኙን ድምር እንጂ በፊልሙ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠውን የንግግር ቻናል አይደለም። እውነተኛው የመሀል ቻናል የሚደርሰው በኤችዲኤምአይ፣ በኦፕቲካል ገመድ ወይም ከዲቪዲ ማጫወቻው ስድስት ቀዳዳዎች በስድስት ገመድ ሲገናኝ ነው። ኤችዲኤምአይ ከሆነ ቴሌቪዥኑም ሳጥኑም ላይ «ኤአርሲ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቀዳዳ ይጠቀሙ። ከዚያ በቴሌቪዥኑ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ «ቢትስትሪም» ወይም «ኦቶ» ይምረጡ፤ ድምፁን የሚፈታው ሳጥኑ እንዲሆን ነው። ለሁለት ስፒከር ግን «ፒሲኤም» (ቴሌቪዥኑ ራሱ ፈትቶ የሚልከው ድምፅ) ይበቃል።

ስድስት ቀዳዳ ያለው ዲቪዲ ማጫወቻ በሜኑው ላይ 5.1 እንዲያወጣ ተነግሮት በሁለት ገመድ ብቻ ከተገናኘ የመሀሉ ቻናል ማንም በማይሰማው ቀዳዳ ይወጣል። ንግግሩ የሚርቅበት የተለመደ ምክንያት ይህ ነው፤ መፍትሔውም «ዳውንሚክስ» የሚለውን ቦታ ከፍቶ ስቴሪዮ ማድረግ ነው።

ቡፌው፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው

ገንዘብ ሳይወጣ ብዙ ለውጥ የሚገኘው ከዚህ ክፍል ነው። በየቤቱ ቴሌቪዥኑና ስፒከሩ የሚቀመጡት ቡፌ ውስጥ ነው፤ የመሀሉ ስፒከር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከተቀመጠ የቡፌው ጣውላ ድምፁን እየመለሰ ያፍነዋል። የስፒከሩ ፊት ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን ወይም ትንሽ እስኪወጣ ወደ ፊት ይሳቡት። ከጉልበት በታች ከተቀመጠ ከፊት ለፊቱ ሥር የታጠፈ ካርቶን ወይም ጎማ ያስገቡና ወደ ተቀማጩ ጆሮ ቀና ያድርጉት፤ ንግግርን ግልጽ የሚያደርጉት ቀጫጭን ድምፆች እንደ ባስ ዙሪያውን አይበተኑም፣ ስፒከሩ ወደሚያይበት ብቻ ነው የሚሄዱት። በላዩ ላይ የተንጠለጠለውን ዳንቴልም ቢያንስ ፊልም በሚታይበት ሰዓት ይግለጡት። ከቡፌው ባለቤት ጋር ድርድር የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ።

ሰብዉፈሩ (የባሱ ስፒከር) ቡፌ ውስጥ ወይም ከቡፌው ጋር ተጣብቆ መቀመጥ የለበትም። ባስ በመጣ ቁጥር የሚንቀጫቀጩት ብርጭቆዎችና ስኒዎች የራሳቸውን ድምፅ እየጨመሩ ንግግሩን ይረብሹታል። የግድግዳ ጥግ ደግሞ ባስን ያጎላል፤ ስለዚህ ባስ በዝቶብኛል የሚል ሰው ቁልፉን ከመንካቱ በፊት ሰብዉፈሩን ከጥግ አውጥቶ ግማሽ ሜትር ያህል ቢያርቀው ለውጡን ይሰማዋል።

አቀማመጥን በተመለከተ ሶፋ በግድግዳ ዙሪያ ተደርድሮ ቴሌቪዥኑ ከሩቅ ጥግ የሚታይበት ሳሎን ለእንግዳ መቀበያ ያምራል እንጂ ለፊልም አይመችም። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር በቀጥታ ከስፒከሩ የሚመጣው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ከግድግዳ ተንጸባርቆ የሚመጣው ግን ያን ያህል አይቀንስም። አራት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ሁለት ሜትር ላይ ከተቀመጠው ይልቅ ብዙ ማሚቶና ጥቂት ንግግር ይሰማል። በተለይ ጆሯቸው የደከመ አባትና እናት የክብር ቦታ ተብሎ ከሁሉ ርቀው መቀመጣቸው ቀርቶ ከስፒከሩ ፊት ለፊት ቢቀርቡ፣ ለቀሩት ሰዎች ድምፁን መጨመር አያስፈልግም።

ማሚቶውን ለማወቅ ሳሎኑ መሀል ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ። «ጭው» የሚል የብረት ድምፅ ተከትሎ ከመጣ ክፍሉ ባዶ ነው ማለት ነው። በብሎኬት ተሠርቶ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት የሆነ አዲስ ቤት ይህ ችግር ይበዛበታል፤ በእኔ ግምት በአቡጀዲ ወይም በማዳበሪያ ኮርኒስ የተሸፈነ የድሮ የጭቃ ቤት ለንግግር ከእሱ ይሻላል፤ ከላዩ ባዶ ቦታ ያለው የጨርቅ ኮርኒስ ማሚቶውን ይውጠዋልና። ለአዲሱ ቤት በስፒከሩና በሶፋው መካከል ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ፣ ለመስኮቱ ከበድ ያለ መጋረጃ ያድርጉ፣ አጎዛ ካለም መቀመጫው ላይ ይዋል። ቡልኮ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከግድግዳው በጥቂት ሴንቲሜትር ራቅ ቢል የሚውጠው ድምፅ ይጨምራል። በየቦታው መስቀል አያስፈልግም። አንድ ሰው መስታወት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ ሲያንሸራትት ሌላው የተለመደ ቦታው ላይ ተቀምጦ ይመልከት፤ ስፒከሩ በመስታወቱ ውስጥ የታየበት ቦታ የመጀመሪያው ነጸብራቅ የሚነሣበት ስለሆነ መሸፈን ያለበት እሱ ነው። በአንዳንድ ቪዲዮ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንቁላል ካርቶን ግን ስስ በመሆኑ ከመልኩ በስተቀር የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ትንሽ ነው።

ጎጃም ውስጥ ስለ ድምፅ ሲነገር ዝናቡን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ከሰኔ እስከ መስከረም እንጅባራና አካባቢው ላይ እንደሚወርደው ያለ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ያለውን የድምፅ ክልል በሙሉ ስለሚሞላ ንግግርን የሚሰውረው ሳይመርጥ ነው። ከቆርቆሮው በታች ክፍተት ተትቶ የተመታ ቺፕውድ ኮርኒስ ጥቂት ያስታግሰዋል፤ በቺፕውዱ ላይ ገለባ ወይም የተረፈ ስፖንጅ መደርደር ግን እሳት እንዳይነሣና አይጥ እንዳይገባ ሲባል አልመክርም። ዶፍ በሚወርድበት ሰዓት ድምፅ ጨምሮ ከዝናቡ ጋር ከመወዳደር ይልቅ የግርጌ ጽሑፍ መክፈት ወይም የጆሮ ማዳመጫ መጠቀም ይሻላል።

መጠኑን ማስተካከል

ገመዱና ክፍሉ ከተስተካከሉ በኋላ ወደ ቁልፎቹ መሄድ ይቻላል። መለኪያ ድምፅ ያለው አምፕሊፋየር ያለዎት ከሆነ በሴቲንጉ ውስጥ ያለውን ያን «ሽ…» የሚል ድምፅ ከየስፒከሩ በተራ ያሰሙ። የስልክ የድምፅ መለኪያ አፕ በተቀመጡበት ቦታ፣ በጆሮ ከፍታ ይዘው ሁሉም እኩል እስኪሆኑ ያስተካክሉ፤ የስልኩ አሃዝ በራሱ ትክክል ላይሆን ይችላል፣ ስፒከሮቹን እርስ በርስ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ከዚያ የመሀሉን ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ከፍ፣ ሰብዉፈሩን በዚያው መጠን ዝቅ ያድርጉ። የመሀሉ ስፒከር ትንሽ ከሆነ ከ80 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ወደ ሰብዉፈሩ እንዲሄድ ይዘዙ፤ ትንሹ ስፒከር ባስ ለማውጣት እየታገለ ንግግሩን ከሚያጎረና ሸክሙ ቢወርድለት ይሻላል። የመሀሉን ከ5 ዴሲቤል በላይ ከፍ ማድረግ ካስፈለገ ግን ቀደም ያሉት ሥራዎች አንዱ ስለቀረ ወደ ኋላ ይመለሱ።

መለኪያ የሌለው፣ ፊቱ ላይ «ባስ»፣ «ትሬብል» (የቀጭን ድምፆች ቁልፍ)፣ «ሴንተር» እና «ሰራውንድ» የሚሉ ቁልፎች ብቻ ያሉት ስብስብ በጆሮ ይስተካከላል። ሁለት ሰዎች በጸጥታ የሚነጋገሩበትን አንድ ትዕይንት ይምረጡ። ሰራውንዱን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ፤ ባሱን ከግማሽ በታች፣ ትሬብሉን መሀል ላይ ያቁሙ። ዋናውን ድምፅ የቤቱ ሰው ሁሉ ያለ ችግር ንግግሩን እስኪሰማ ይጨምሩና ከዚያ በኋላ አይንኩት። ከዚያ ወደ ተኩሱ ትዕይንት ይሂዱና የሚያስደነግጠው ምን እንደሆነ ለይተው ያዳምጡ፦ የሚያርገፈግፍ ከሆነ ባሱን፣ የሚሰነጥቅ ከሆነ ትሬብሉን በትንሽ በትንሹ ይቀንሱ። ሰራውንዱን በመጨረሻ፣ መኖሩ እስኪታወቅ ብቻ ይክፈቱ። እንግዲህ መነሻው ንግግሩ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚለካው ከእሱ አንጻር ነው። ከፍንዳታው የጀመረ ሰው ሁልጊዜ ንግግሩ ያንሰዋል።

ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ) ያለው ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ አለው። የንግግር ጉልበት ያለው ከአናባቢዎቹ ዘንድ ነው፤ አንዱን ቃል ከሌላው የምንለይባቸው ተነባቢዎች ግን አጫጭርና ቀጫጭን ሲሆኑ በብዛት ከ2,000 ሄርዝ በላይ ይገኛሉ። በአማርኛ «ከበረ» እና «ቀበረ»ን የሚለየው የመጀመሪያዋ ፊደል ስትፈነዳ የምትሰጠው ቅጽበታዊ ድምፅ ናት፤ እሷ ከተሸፈነች የቀረው አንድ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው እነዚህኑ ቀጫጭን ድምፆች ስለሆነ ነው ሽማግሌዎች «ይሰማኛል፣ ግን አይገባኝም» የሚሉት። ስለዚህ ከ100 እስከ 250 ሄርዝ ያለውን 3 ዴሲቤል ያህል ይቀንሱ፤ ካልበቃ ብቻ ከ2,000 እስከ 4,000 ሄርዝ ያለውን በ2 ወይም 3 ዴሲቤል ከፍ ያድርጉ። መቀነሱ ሁልጊዜ ይቅደም፤ መጨመር የበዛበት ድምፅ «ሰ» እና «ሸ» ላይ ጆሮ ይወጋል።

የጎላውን መግታት

ይህ ሁሉ ተደርጎም ማታ፣ ሕፃን በተኛበት ወይም ግድግዳ በሚጋሩት ጎረቤት ምክንያት ፍንዳታው አሁንም ይበዛ ይሆናል። የሚቀረው የድምፁን ክልል መጭመቅ ነው። በየመሣሪያው ስሙ ይለያያል፦ «ናይት ሞድ»፣ «ዳይናሚክ ሬንጅ»፣ «ኦቶ ቮሊዩም»፣ «ዲአርሲ»። በብዙ ዲቪዲ ማጫወቻዎች የዶልቢ (የፊልም ድምፅ የሚታሸግበት አንድ ዘዴ) ሜኑ ውስጥ «ዳይናሚክ» የሚል መስመር ከ«ኦፍ» እስከ «ፉል» በሩብ በሩብ ይከፈላል፤ «ፉል» ሲሆን ጭመቃው ከፍተኛ ነው፣ ለአዘቦት ምሽት ግማሹ ይበቃል። ቴሌቪዥን ላይ «ክሊር ቮይስ» ወይም ተመሳሳይ ስም ያለው አማራጭ ካለ እሱን አስቀድመው ይሞክሩት፤ እሱ ንግግሩን ለይቶ ሊያነሣ ሲሞክር «ኦቶ ቮሊዩም» ግን ሁሉንም በጅምላ ነው የሚያስተካክለው። የአንዳንድ አምፕሊፋየር ናይት ሞድ የሚሠራው ድምፁ በዶልቢ ሲመጣለት ብቻ ስለሆነ ቴሌቪዥኑ ፒሲኤም እየላከ ከሆነ ቁልፉ ቢበራም ለውጥ ላይኖር ይችላል።

ፊልሙን በላፕቶፕ በቪኤልሲ ማጫወቻ የሚያይ ሰው ከሁሉም የተሻለ መሣሪያ በነጻ አለው። «ቱልስ» ውስጥ «ኢፌክትስ ኤንድ ፊልተርስ» ይክፈቱና በድምፁ ክፍል ውስጥ «ኮምፕሬሰር» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። «ትሬሽሆልድ» ጭመቃው የሚጀምርበት መስመር ነው፤ −20 ላይ (ከዲጂታሉ ጣሪያ 20 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ) ያድርጉት። «ሬሾ» ከመስመሩ ያለፈው በስንት እንደሚካፈል ይወስናል፤ 4 ለ1 ያድርጉት። «ሜካፕ ጌይን» ሁሉንም መልሶ ከፍ የሚያደርግ ነው፤ 8 ይሁን። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ −27 ላይ ያለ ንግግር ከመስመሩ በታች ስለሆነ ሳይነካ 8 ተጨምሮለት −19 ይሆናል። −4 ላይ ያለ ፍንዳታ ከመስመሩ በ16 ዴሲቤል ያልፋል፤ ለ4 ተካፍሎ 4 ብቻ ይቀርለታል፣ ስለዚህ −16፣ ሲጨመርለት −8 ይሆናል። በሁለቱ መካከል የነበረው የ23 ዴሲቤል ርቀት ወደ 11 ጠበበ ማለት ነው። «አታክ» (ጭመቃው እስኪይዝ የሚወስደው ጊዜ) 25 ሚሊ ሰከንድ፣ «ሪሊዝ» (እስኪለቅ የሚወስደው) ደግሞ 250 ገደማ ቢሆን ይመረጣል፤ ሪሊዙ በጣም ካጠረ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ የጀርባው ድምፅ እንደሚተነፍስ ነገር ከፍ ዝቅ ይላል። ዋናውን የቪኤልሲ ድምፅ ከ100 በላይ መጎተት ግን ጫፉን እየቆረጠ ድምፁን ያሻክራል፤ ድምፅ ከጎደለ አምፕሊፋየሩ ላይ ይጨመር።

ጭመቃውን ለሙዚቃና ቀን ለሚታይ ፊልም መልሶ ማጥፋት ይገባል። በተጨመቀ ድምፅ ክራሩም ከበሮውም አንድ ቁመት ይሆኑና ዘፈኑ ሕይወት ያጣል።

በመጨረሻ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ርካሽ አምፕሊፋየሮችና አንዳንድ ማጫወቻዎች የተስተካከለላቸውን ሁሉ ረስተው ወደ ፋብሪካው ቁጥር ይመለሳሉ። ስለዚህ የሴንተሩን፣ የባሱን፣ የትሬብሉንና የዳይናሚኩን ቁጥር በወረቀት ጽፈው በሳጥኑ ጎን ላይ በፕላስተር ይለጥፉት፤ በማዞሪያ ቁልፎቹ ላይ ደግሞ የቆሙበትን ቦታ በነጭ ቀለም ወይም በጥፍር ቀለም ነጥብ ያድርጉበት።